ልጄን ለአንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተና እንዴት እንዳዘጋጀኋት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥሩ ስም ያለው የግል ትምህርት ቤት ልጅ ማስገባት ከባድ ሆኗል። ከተማው ሰፍቷል፣ ፋብሪካው በዝቷል። በጸጥታው ችግር ምክንያት ከየወረዳው ተፈናቅሎ የመጣውም ቤተሰብ ብዙ ነው። ለአንደኛ ክፍል የሚቀበሉት ልጅ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ስለዚህ ይፈትናሉ። ሚጡዬ ዘንድሮ ተፈትና ገብታለች። ለሚቀጥለው ዓመት የምታስቡ እናቶችና አባቶች ስለምትጠይቁኝ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ እስከ መቶ በእንግሊዝኛ በቃሏ ትቁጠር ይላል፣ ሌላው ያለፈው ዓመት ጥያቄ አለኝ ይላል። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ግን በግልጽ ነገሩኝ። ልጅቷ መጀመሪያ ከአንዲት መምህርት ጋር ታወራለች። ከዚያ ፊደል ትለያለች፣ ስሟን ትጽፋለች፣ ትንሽ ቁጥር ትሠራለች፣ የእንግሊዝኛ ፊደላትም ትጠየቃለች። ወላጅ ውጭ ነው የሚጠብቀው።

ወላጅ ውጭ ነው የምትለዋ ነገር ናት ያሳሰበችኝ። ሚጡ ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም። እንግዳ ሲመጣ ግን ነጠላዬ ውስጥ ነው የምትገባው። የምታውቀውን ሁሉ ይዛ ዝም ካለች ማን ያውቅላታል? ስለዚህ ከደብተሩ በፊት የጀመርነው በንግግሩ ነው።

ሱቅ መላክ ጀመርኩ። እኔ በር ላይ ቆሜ እያየኋት ነው የምትሄደው። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ብሩን ዘርግታ ዝም ስትል ገምቶ ይሰጣት ነበር። እባክዎ አይገምቱላት፣ እስክትናገር ይጠብቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። መጀመሪያ ላይ በጣቷ ታሳይ ነበር። ከዚያ «እንቁላል» ማለት ጀመረች። እየቆየ ሲሄድ ቀና ብላ «ጋሼ፣ አራት እንቁላል ይስጡኝ» አለች። እኔ ፈተናውን ያለፈችው ያን ቀን ነው ባይ ነኝ።

አያቷም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። አንጎለላ ናቸው ያሉት፤ እኛ ጋ ሲመጡ ማታ ማታ «እንቆቅልሽ!» ይሏታል። እሷም «ምን አውቅልሽ!» ትላለች። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር ማነው? ካቃታት አገር ስጪኝ ይሏታል፤ አንዴ ደብረ ሲና፣ አንዴ አንኮበር ትሰጣቸዋለች። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ልጅ ጥያቄን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ አስቦ፣ ድምፁን አውጥቶ እንዲመልስ የሚያደርግ እንደ እንቆቅልሽ ያለ ነገር አላየሁም። አላውቅም ማለትንም ያለ እፍረት ታስተምራለች።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። ሚጡ ከኬጂ ስትመጣ ሀ ሁ ሂን እንደ መዝሙር ትወርደዋለች። መሐል ላይ አስቁሜ ይቺ ማናት ስላት ግን ከሀ ጀምራ እየቆጠረች ነው የምትደርስባት። የብዙ ልጆች ችግር ይህ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ለዚህም ነው ከሀ ሁ ቀጥለው አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ ከሌላ እርከን ስለሚመጣ በዜማ ማምለጥ የለም፤ ልጁ መልኩን ማየት ግድ ይለዋል። እኔም ካርቶን ቆርጬ ፊደሎቹን ለየብቻ ጻፍኳቸውና እያቀላቀልኩ እጠይቃት ጀመር።

ሠላሳ ሦስቱ ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ ለልጅ ያስፈራል። ምልክቱን ስታውቅ ግን ይቀላል። ካዕቡ ቡ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ቅጥያ አለው። ሣልሱ ቢ ቅጥያው እግሩ ሥር ነው። ኃምሱ ቤ እዚያው እግሩ ሥር ቀለበት አለው። ይህን በጣቷ እየነካች ከለመደች በኋላ ቱን፣ ኑን፣ ሱን ማንም ሳይነግራት አነበበች። የሚያስቸግረው ሳድሱ ነው። ብ፣ ል፣ ክ፣ ም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚለወጡት። ስለዚህ የካርቶኑን ጊዜ ከግማሽ በላይ ለሳድስ ሰጠሁት።

እርሳስ አያያዟ ሌላ ጉዳይ ነበር። እንደ ማማሰያ በጡጫዋ ነው የምትይዘው። አስተማሪ የሆነች ጎረቤቴ አጭር እርሳስ ስጫት አለችኝ። እውነትም አጭሩ እርሳስ ለጡጫ አይመችም፤ ሦስቱ ጣቶች ወደው ሳይሆን ተገደው ይይዙታል። ምስርም አብራኝ ትለቅም ነበር። ጠጠሯን በሁለት ጣት ቆንጥሮ ማውጣት ጣት ያጠነክራል። በነገራችን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርዳችንን ታውቁታላችሁ። ጣቷ ደንዝዞ ጻፊ ማለት ማስጠላት ነው፤ ማንደጃው አጠገብ እጇን አሙቃ ነው የምትቀመጠው። ከሃያ ደቂቃ በላይም አላስቀምጣትም።

ቁጥር በአብዛኛው በእሸት ባቄላ ነው ያለፈው። ሦስት ፍሬ ያለውን ሁለት ፍሬ ካለው ጋር ፈልፍላ ስንት ሆነ ስላት መልሱ እጇ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሰርቲን እና ሰርቲ ተምታተውባት ነበር። በአማርኛ አስራ ሦስት ሲባል አስሩም ሦስቱም ይሰማል። ስለዚህ አስቀድማ በአማርኛ ገብቷት፣ ከዚያ ነው እንግሊዝኛውን የጫንኩባት። ቀለማትና የሰውነት ክፍሎችን ልብስ ስትለብስ እያልናቸው ነው የያዘቻቸው።

ቱቶር አልቀጠርንም። ጠቃሚ የሚሆንለት ልጅ አለ፤ ግን ከኬጂ ደክሞት የመጣን የስድስት ዓመት ልጅ እንደገና ለሁለት ሰዓት ማስቀመጥ እኔን አያሳምነኝም። «ካላለፍሽ» የሚል ቃልም ቤታችን እንዳይነሳ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ነበር። ሚጡ የምታውቀው አዲስ ትምህርት ቤት ልታይ እንደምትሄድና አንዲት ሚስ እንደምታናግራት ብቻ ነው።

የፈተናው ቀን እንደወትሮው በሶዋን ጠጥታ፣ ሹራቧን ደርባ ሄድን። በር ላይ እጄን ለቀቀችና ገባች። ስትወጣ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችልኝ። ሚስ የት ነው የምትኖሪው ብላታለች፣ አባትሽ ምን ይሠራሉ ብላታለች። ፊደል ዘርግታ «ቤ የታለች?» ብላታለች። ከ19 ቀጥሎ ማን ይመጣል ስትባል መልሳለች። አንድ ቀለም በእንግሊዝኛ ጠፍቶባት «አላውቀውም» ብላለች። ያቺን «አላውቀውም» ስሰማ ስሟ ከሚለጠፈው ዝርዝር ውስጥ እንደሚኖር ልቤ ነገረኝ።

ያለፉትም ያላለፉትም ልጆች ጎበዞች ናቸው። አብራት የተጫወተች የጎረቤታችን ልጅ ሳትገባ ቀርታ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አሁን ከሚጡ ቀድማ አንቀጽ ታነባለች።

ወረቀቱን ግን ቀድማችሁ ጨርሱ። የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የኬጂ ውጤትና ጉርድ ፎቶ ይጠይቃሉ። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው የአያት ስም ከኬጂው ካርድ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ካልገጠመ ማስተካከሉ ያመላልሳል፤ ፋሲካ እንዳለፈ ብትጀምሩት ለምዝገባው ይደርስላችኋል።