ዊልቸሩ መርከቡ በር ላይ ይመለሳል

ሥራዬ ዊልቸር መግፋት ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፣ የሽርሽር መርከቦች ከሲያትል ወደ አላስካ በሚመላለሱበት ወቅት፣ ወደቡ ላይ እሠራለሁ፤ በቀሩት ወራት አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። በሁለቱም ቦታ የሀገሬን ሰዎች አገኛለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሁልጊዜ፣ ወደቡ ላይ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዙ። ልጆች ገንዘብ አዋጥተው እናት አባታቸውን አላስካ ሲያስጎበኙ ማየት ደስ ይለኛል። ይህን የምጽፈው እነዚያ ልጆች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት እንዲያነቡት ነው።

እኛ ዊልቸርን የምናውቀው በአውሮፕላን ጉዞ ነው። እናት ከአዲስ አበባ ስትመጣ መራመድ ብትችልም ልጆቿ ዊልቸር ያስመዘግቡላታል፤ ቋንቋው ስለሚቸግራት፣ አዳራሹ ስለሚሰፋባት፣ የኢሚግሬሽኑ ጥያቄ ስለሚያስፈራት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን ዳላስ ሲያርፍ በር ላይ ተደርድረው የሚጠብቁትን ዊልቸሮች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ገፊው ከአውሮፕላኑ በር ይቀበላታል፣ ሻንጣዋን ያወርድላታል፣ ከልጆቿ እጅ ያስረክባታል። አንድ ጊዜ ካስመዘገቡ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

መርከብ ግን እንደዚያ አይደለም። የመርከብ ኩባንያዎች የዊልቸር እርዳታ የሚሉት ለመሳፈርና ለመውረድ የሚሰጠውን እርዳታ ብቻ ነው። እኔ ተሳፋሪውን ከመኪና ሲወርድ እቀበለዋለሁ፤ በፍተሻው አሳልፌ፣ ፓስፖርት የሚታይበት ጠረጴዛ ዘንድ አድርሼ፣ መሸጋገሪያውን ድልድይ አውጥቼ መርከቡ ውስጥ አገባዋለሁ። እዚያ ላይ ተሳፋሪው ከወንበሩ ይነሳል፤ እኔም ወንበሩን ይዤ እመለሳለሁ፤ ታች ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። መርከቡ የራሱ ጥቂት ወንበሮች ቢኖሩትም ለድንገተኛ ሕመምና ለመሳፈሪያ የተያዙ ናቸው፤ ለአንድ ሳምንት ለአንድ ሰው አይሰጡም። ጉዞውን ሙሉ ወንበር የሚያስፈልገው ሰው ወይ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ወይ ተከራይቶ ይመጣል።

ባለፈው ወቅት ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ገፋሁ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከበዋቸዋል፤ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። የሀገሬን እናቶች ስገፋ ከፍሬኑም ከእግር ማሳረፊያውም በፊት የማየው ነጠላውን ነው። ጥለቱ በወንበሩ ጎን ተንሸራትቶ የጎማው ሽቦ ውስጥ ከገባ ዳገት መሀል ላይ ጎማው ይያዛል፤ ለብሰውት ያሉትን ሰው ወደ ጎን ይጎትታል። ስለዚህ እየቆምኩ ጫፉን ሰብስቤ ጭናቸው ላይ አደርግላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በተሰበሰበው ነጠላ ፋንታ ለእኔ ያዝናሉ።

«ልጄ፣ ደከመሽ። ዳገቱ እስኪያልቅ ልውረድልሽ።»

«አይ እማማ፣ ይቀመጡ፤ ሥራዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ያሳድግሽ።»

መርከቡ በር ላይ ስንደርስ እንዲነሱ ለመንኳቸው። ትልቁ ልጃቸው ግራ ተጋብቶ «ወንበሩስ? እኛ እኮ አስመዝግበናል» አለኝ። ወንበሩ ተመላሽ መሆኑን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። እናቱ ግን የግድግዳውን መደገፊያ ይዘው ቆሙና «ተው ልጄ፣ አታስቸግራት፤ እራመዳለሁ» አሉ። በሳምንቱ ሲመለሱ ያወረድኳቸው እኔው ነኝ። እንዴት እንደነበር ጠየቅኳቸው። እነዚህ መርከቦች 300 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ ክፍላቸው ወደ ፊት፣ የምግብ አዳራሹ ወደ ኋላ ኖሮ ልጆቹ ተራ እየገቡ ምግብ በሳህን ሲያመላልሱ ሰንብተዋል። «እኔስ ጸሎቴን ሳደርስ ከረምኩ፤ ልጆቼን ግን ከእኔ ጋር አሰርኳቸው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ላይ የነበረው እፍረት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እፍረቱ የእሳቸው መሆን አልነበረበትም። ወንበሩ የት እንደሚቀር በትኬት መቁረጫው ስልክ አንድ ሰው በግልጽ ቢነግራቸው ኖሮ፣ ተጣጥፎ ሻንጣ መጫኛ የሚገባ ቀላል ዊልቸር ተከራይተው በመጡ ነበር።

ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ «ዊልቸር እንፈልጋለን» ብላችሁ አታቁሙ። ለመሳፈሪያ ብቻ ነው ወይስ ለጉዞው ሁሉ? የምናመጣው ወንበር ወርዱ ስንት ነው? እናታችን ገላቸውን ተቀምጠው ነው የሚታጠቡት ወይስ ቆመው? እነዚህን አንድ በአንድ አስረዱ፤ ኩባንያው የልዩ ፍላጎት ቅጽ አለው፣ አስልካችሁ ሙሉት። ወርድ ያልኩት ለነገሩ አይደለም። የተለመደው የመርከብ ክፍል በር ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ትልልቅ ዊልቸሮችና ባለሞተር ወንበሮች አያልፉም። ኮሪደር ላይ ማቆም ደግሞ ስለ እሳት አደጋ ክልክል ነው፤ ባለሞተሩ ወንበር ክፍል ውስጥ ገብቶ ክፍል ውስጥ ነው ቻርጅ የሚደረገው። ለዊልቸር የተሠሩት ክፍሎች በራቸው ሰፊ ነው፣ መታጠቢያቸው ደፍ የለውም፣ ውስጡ ወንበር ያዞራል። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካርኒቫል የተባለው የመርከብ ኩባንያ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በደረሰበት ስምምነት፣ 62 መርከቦችን በሚሸፍነው ውል፣ ከክፍሎቹ ቢያንስ 3 ከመቶው ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ ተስማምቷል። ከመቶ ክፍል ሦስቱ ማለት ነው፤ ሐምሌ ላይ ለመሄድ ሰኔ ላይ የሚደውል ሰው አያገኛቸውም።

አሁን ስለ ዳገቱ ልንገራችሁ፤ ሰው የማያስበው እሱን ነውና። ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል። እዚህ ሲያትል በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ የአላስካ ወደቦች በሆኑት በኬቺካንና በጁኖ ደግሞ ከ6 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። መርከቡ ከውኃው ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል፤ የብሱ ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጠዋት ሜዳ የነበረው መወጣጫ ከሰዓት በኋላ ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። ሰው ተቀምጦበት ሲወርድ ወንበሩን አዙሬ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው የማወርደው፤ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ ካደረግኩት ክብደቱ ወደ ፊት ይጥለዋል። ድልድዩ ከመርከቡ ጋር የሚገናኝበት የብረት ንጣፍ ጉብ ያለ ነው፤ የፊት ጎማዎቹን በትንሹ አንስቼ ካላሳለፍኳቸው ይተከላሉ። እናቱን ራሱ የሚገፋ ልጅ ይህን አያውቅም፤ በጉልበት ይገፋል፤ እናቱም ትጮሃለች። በየወደቡ ስትወርዱ የመርከቡ ሠራተኞች እንዲያወርዱላችሁ ጠይቁ፤ ሙላትና ጉድለቱ ስንት ሰዓት እንደሆነም ጠይቋቸው፤ የቀላሉን ሰዓት ያውቁታል።

መርከቡ ወደቡን ሳይጠጋ ባሕር ላይ ቆሞ ተሳፋሪውን በትናንሽ ጀልባ የሚያመላልስባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ካሪቢያን ውስጥ ግራንድ ኬይማን፣ ግሪክ ውስጥ ሳንቶሪኒ እንዲህ ናቸው። ጀልባው ይወዛወዛል፤ ተሳፋሪው ጥቂት እርምጃ በእግሩ ካልተሻገረ ሠራተኞቹ ላያሳፍሩት ይችላሉ፤ ባለሞተር ወንበር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይወሰድም። መንገዱን ስትመርጡ መርከቡ የት የት መልሕቅ እንደሚጥል፣ የት የት የብስ እንደሚጠጋ ጠይቁ። ከዋጋውም ከመዋኛ ገንዳውም በፊት የሚጠየቅ ነው።

አላስካን ለአረጋውያን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። መርከቡ ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ከሆነ፣ በዚያ ቀን ማንም አይወርድም። የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ስለ በረዶው ግግር ያስረዳሉ፤ በቀን የሚፈቀደው ሁለት ትልልቅ መርከብ ብቻ ስለሆነ ጸጥታው ልዩ ነው ይላሉ የወረዱት ሁሉ። ሁሉም ሰው መርከቡ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ ወንበር ላይ ያለችውም እናት፣ ተራራ የሚወጣው ወጣትም። ስካግዌይ ላይ ደግሞ ከወርቅ ፍለጋው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የተሠራው የዋይት ፓስ ባቡር ለዊልቸር ማንሻ ያላቸው ፉርጎዎች አሉት፤ ቀድሞ መያዝ ብቻ ይፈልጋል። መርከቡ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ምሽት ላይ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው። የሚቆመውም እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከሲያትል ተነስቶ ሌላ ሀገር ሳይረግጥ ሲያትል እንዳይመለስ ስለሚከለክል ነው። አረጋውያኑ ከደከሙ ያን ምሽት ይረፉ፤ ብዙ አይቀርባቸውም።

የአደጋውን ነገር ዘልዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አይታለፍም። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጥሩምባ ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ወደ መሰብሰቢያው ይሄዳል፤ አሳንሰር አይሠራም። መራመድ የማይችለውን ሰው ሠራተኞች ደረጃ በሚያወርድ ልዩ ወንበር ይሸከሙታል። የሚሸከሙት ግን ክፍሉ ውስጥ መኖሩን ካወቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ አደጋ ገለጻ ሲደረግ እዚያው ላለው ሠራተኛ የክፍላችሁን ቁጥርና ማን እርዳታ እንደሚሻ ንገሩ፤ ሲመዘግብም ቆማችሁ እዩ። «ልጆቿ ስላሉ ችግር የለም» አትበሉ። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ሌላ ፎቅ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሁላችንም የምንፈተንበት ነው። በአንድ ጠዋት ሺህዎች ይወርዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሺህዎች ይሳፈራሉ፤ ወንበሮቹም ገፊዎቹም ያው ነን። ዊልቸር የሚፈልጉት ሁሉ አንድ አዳራሽ ተሰብስበው ተራ ይጠብቃሉ፤ ረፋድ ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ሻንጣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከክፍል ውጭ ይቀመጣል፤ የእናታችሁን የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ከሻንጣው አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። ቁርስ ያብሏቸው፤ ሽንት ቤት ይሂዱ፤ ከዚያ ይቀመጡ። የሚቸኩል አውሮፕላን ካላችሁ ከቀትር በኋላ የሚነሳውን ቁረጡ።

ይህ ሁሉ ልመና የሚመስለው ሰው ካለ፣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ከሂዩስተን የተጓዙ አካል ጉዳተኞችና አጃቢዎቻቸው የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ኩባንያን ከስሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ተጨማሪ ዋጋ ተጠየቅን፣ አጃቢ ካልያዛችሁ ተባልን፣ የአደጋ ጊዜ መሣሪያው እኛ የማንደርስበት ቦታ ነው፣ ወንበራችን የበሮቹን ደፍ አያልፍም ነበር አቤቱታቸው። ኩባንያው መርከቦቹ የባሃማስ ባንዲራ ስለያዙ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አይነካኝም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕጉ በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ላሉ የውጭ ባንዲራ መርከቦችም እንደሚሠራ ወሰነ፤ ከዓለም አቀፍ የመርከብ ደኅንነት ስምምነት ጋር የሚጋጭ የግንባታ ለውጥ ግን አይገደድም አለ። ውኃ እንዳይገባ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ደፎች እስከ ዛሬ ያሉትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ደንብ ሥራ ላይ ነው፤ ስለ አካል ጉዳት ብሎ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ፣ ወይም በአንድ መርከብ ከዚህ ቁጥር በላይ አካል ጉዳተኛ አልጭንም ማለት ይከለክላል። አውሮፓም የራሱ ደንብ አለው፤ እዚያ ለመርከብ ጉዞ እርዳታ ከፈለጋችሁ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ነው።

የአሜሪካው ደንብ ያስገደደው አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የአካል ጉዳተኞችን ቅሬታ የሚፈታ ሰው በአካል ወይም በስልክ እንዲገኝ ማድረግ አለበት። ተራችሁ ሲዘገይ፣ የተመዘገበው ክፍል ለሌላ ሲሰጥ፣ እናታችሁ «ትራመድ» ሲባሉ፣ ከእኔ ወይም ከበረኛው ጋር መጣላት አይጠቅምም፤ እኛ ወንበር እንጂ ሥልጣን የለንም። ያንን ሰው አሁኑኑ አቅርቡልኝ በሉ። ሲመጣ ስሙን፣ የመጣበትን ሰዓትና የሰጠውን መልስ ጻፉ።