አንቺስ ትከፍያለሽ?

ታኅሣሥ ነበር። ጤፉ ተወቅቶ ገበሬው እጅ ላይ ትንሽ ብር የሚገኝበት ጊዜ። በእኛ ወረዳ የጤና መድን መዋጮ የሚሰበሰበውም ያኔ ነው። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ወደ መድኃኒት ማደያው መስኮት መጥቶ፣ "ነገ ቀበሌ ስብሰባ አለ፤ አንቺም ትሄጃለሽ" አለኝ። ስለ መድኃኒት ጥያቄ ከተነሳ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል ብለው ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልወድም። ቢሆንም ሄድኩ።

ስብሰባው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ነበር። አንድ ጠረጴዛ ወጥቷል። ከወረዳ የመጣው ሰብሳቢ፣ የመድኑ አስተባባሪ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እኔ ተደርድረን ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን ወንዶቹ ድንጋይና ግንድ ላይ፣ ሴቶቹ ወደ ጎን ነጠላቸውን ተከናንበው። አጀንዳው አንድ ነው። መዋጮው ሊጨምር ነው።

ሰብሳቢው ረጅም ንግግር አደረገ። አብዛኛው እውነት ነበር። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ እንደተስፋፋ ተናገረ። የፌዴራል መንግሥት እንደሚደጉም፣ መክፈል የማይችለውን ደሃ ደግሞ ክልሉና ወረዳው እንደሚሸፍኑለት ተናገረ። ድሮ ሰው በሬውን ሸጦ ይታከም እንደነበርም አነሳ። ይህን ማንም አይክድም። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ማዘዣውን አይቶ ዋጋውን ጠይቆ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ስንት አይቻለሁ። መድን ከመጣ በኋላ ያ ሰው ቀንሷል።

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ።

አንዱ 18 ዓመት የሞላቸው ልጆቹ ለምን ተጨማሪ እንደሚከፈልባቸው ጠየቀ። ሌላው፣ "እኔ ዘንድሮ አልታመምኩም፤ ቤተሰቤም አልታመመ። የከፈልኩት ይያዝልኝ" አለ። በየስብሰባው የሚነሳ ጥያቄ ነው። አስተባባሪው ለዚህ ተዘጋጅቷል። "እድር ትከፍላለህ አይደል? ዓመቱን ሙሉ ከቤትህ ሰው ባይሞት፣ ብሬን መልሱልኝ ትላለህ?" አለው። ሰዉ ሳቀ። ጠያቂውም ሳቀና ተቀመጠ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። አወቅኋቸው። የደም ግፊት ታካሚ ናቸው። በየወሩ መስኮቴ ላይ ይመጣሉ።

"እድርማ ድንኳን ይተክላል" አሉ። "ድንኳኑ የለም ካለን ዳኛውን እንጠይቃለን። ገንዘቡን የት አደረስከው እንለዋለን። እዚህስ ማንን ነው የምንጠይቀው?"

ማንም አልሳቀም።

ከጋቢያቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ከፌስታሉ የመድን ደብተራቸውን፣ ከደብተሩ ውስጥ አራት ማዘዣ አወጡ። አንድ በአንድ ዘርግተው ለሰዉ አሳዩ። አራቱም የአምሎዲፒን፣ የግፊት ክኒናቸው፣ ማዘዣ ነው። አራቱም ላይ "የለም" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። ማንበብ አይችሉም። ግን የትኛው ጽሑፍ "የለም" እንደሆነ ያውቁታል።

"ይህ ፊርማ የማን ነው?" አሉ።

"የኔ ነው፣ አባቴ" አልኩ።

"አውቃለሁ ልጄ። አንቺን ለመክሰስ አይደለም። አራቱንም ጊዜ ከተማ ሄጄ ከግል መድኃኒት ቤት ገዛሁ። መድን ደብተሩ ኪሴ ነው፤ ብሩም የወጣው ከዚያው ከኪሴ ነው።" ትንሽ ዝም አሉና ዓይኔን እያዩ፣ "አንቺስ ትከፍያለሽ?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ይሄን መድን ነዋ። አንቺስ ትከፍያለሽ ወይ?"

ያቺን ቅጽበት ዛሬም አልረሳትም። አፌ ደረቀ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከተቀመጠው ሰው አንዱም የማያውቀው ነገር እኔ ልብ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የመንግሥት ሠራተኛውም ተሰብስቦ ነበር። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ፣ ቁጥር 690፣ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ለገበሬው ሳይሆን ለደመወዝተኛው የወጣ ነው። በዕቅዱ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም 3 በመቶ ይጨምራል። ይጀመራል ሲባል ይራዘም ነበር፤ ሠራተኛው እየተሰበሰበ "አንፈልግም" ይል ነበር። በዚያ ቀን በከተማው አዳራሽ መምህሩም፣ የግብርናው ባለሙያም፣ እኛ የጤናዎቹም ነበርን። በጣም የተቃወምነው ደግሞ እኛ ነን። የጤና ባለሙያ በሚሠራበት ጤና ተቋም ሳይከፍል ነው የሚታከመው። ስለዚህ 3 በመቶው ለእኛ በነጻ የነበረን ነገር መግዛት ሆኖ ነው የታየን።

በዚያ አዳራሽ እኔም እጄን አውጥቼ ተናግሬያለሁ። "መጀመሪያ መድኃኒቱ ይሟላ፤ ከዚያ ከደመወዛችን ቁረጡ" ነው ያልኩት። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ለብዙ ቀን በዚያ ንግግሬ ስኮራ ነበር።

እና አሁን ዋርካ ሥር ተቀምጬ፣ ያንኑ ቃል ከአንድ ገበሬ አፍ እየሰማሁ ነው። እኔ መድኃኒት የለም ብዬ አልከፍልም ያልኩትን፣ እሳቸው መድኃኒት ሳያገኙ ከፍለዋል። አሁን ደግሞ ጨምሩ ልንላቸው ነው የመጣነው።

"አልከፍልም፣ አባቴ" አልኩ። "የእኛ ገና አልተጀመረም። ይጀመር ሲባልም ተቃውሜያለሁ።"

ጉምጉምታ ተነሳ። ሰብሳቢው በእጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ፣ "ከአጀንዳ አንውጣ! መድኑን የማይፈልግ ካለ በግልጽ ይናገር!" አለ።

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። እስከዚያ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። አሁን ከፍ አለ።

"ማነው አልፈልግም ያለህ? አምና ልጄ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ደርሶ በዚህ ደብተር ነው ሆስፒታል የገባ። ቀደዱት፤ አልጋ ያዘ፤ ዳነ። አምስት ሳንቲም አልተጠየቅሁም። ይህ ደብተር ባይኖር ልጄን ወይ በሬዬን አጣ ነበር። እከፍላለሁ። ጨምሩ ካላችሁም እጨምራለሁ። የጠየቅሁት ስለ ክኒኔ ነው። ሰው ሲጠይቅ ለምን እንቢ አለ ትላላችሁ?"

ተቀመጡ። ሰብሳቢው ወደ ሌላ ጠያቂ አለፈ። ጥያቄያቸው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። መልስ እንድሰጥ የተወሰድኩት እኔም አልመለስኩትም። ቢያንስ ለምን መድኃኒቱ እንደሚጠፋ ማስረዳት እችል ነበር። አፌ አልታዘዘልኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሰብሳቢው ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ማን ነው አልከፍልም በይ ያለሽ?" አለኝ። ጠየቁኝ፤ እውነቱን መለስኩ አልኩት። "እውነት ሁሉ ሕዝብ ፊት አይወራም" አለኝ። ከሳምንት በኋላ ሪፖርቱን አየሁት። "ኅብረተሰቡ ጭማሪውን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል" ይላል። ስለ አምሎዲፒን አንድ መስመር የለም። ከጤና ጣቢያው በኩል "የአመለካከት ክፍተት" መታየቱ ግን ተጽፏል። በጣም ተናደድኩ። የተናደድኩት በእኔ ስለተጻፈው ብቻ አይደለም። እኒያ ሽማግሌ በትር ተደግፈው ቆመው የተናገሩት፣ ያ ሁሉ፣ ወረቀት ላይ የለም። እንዳልተናገሩ ነው የሆነው። የበላይ አካል ያንን ሪፖርት አንብቦ በምን ያውቃል?

ያን ቀን መመለስ ያቃተኝን እዚህ ልጻፈው።

ጤና ጣቢያው ለመድን አባላት በዱቤ ነው የሚያክመው። ሩብ ዓመት ሲያልቅ ሒሳቡን አጠቃለን፣ ማዘዣውን አያይዘን ለመድኑ እንልካለን። እነሱ አጣርተው ይከፍላሉ። ክፍያው ሲዘገይ፣ አንዳንዴ ሁለት ሩብ ዓመት ሲደራረብ፣ መድኃኒት የምንገዛበት ገንዘብ አይኖረንም። በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ የሚባለውን የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ሞልተን እንጠይቃለን። ከመንግሥት አቅራቢው መጋዘን መድኃኒቱ ቢኖር ብር የለም፤ ብር ሲመጣ ደግሞ መድኃኒቱ ከመጋዘን ያልቃል። ከግል ለመግዛት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ አስፈቅዶ እስኪያልቅ ወራት ይሄዳል። በዚህ መሃል ቢን ካርዱ፣ የቀረውን መድኃኒት የምንመዘግብበት ካርድ፣ ዜሮ ይላል፤ እኔም "የለም" ብዬ እፈርማለሁ። ሰዉ ተስፋ ይቆርጥና በዓመቱ አያድስም። የሚቀረው ማነው? ብዙ የሚታመመው። ጤነኛው ሲወጣ፣ በሽተኛው ብቻ ሲቀር መዋጮው ወጪውን አይችልም። ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል። ያኔ መዋጮ ጨምሩ ይባላል።

ስለዚህ መዋጮው መጨመሩ ስህተት ነው አልልም። የመድኃኒት ዋጋ ከዓመት ዓመት የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዋጋውን በየጊዜው የምለጥፈው እኔ ነኝ። በአሮጌው መዋጮ የዛሬን መድኃኒት መግዛት አይቻልም። ግን ሽማግሌውም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ያን ቀን ከሰብሳቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ቢናገር ኖሮ፣ ስብሰባው ሌላ ይሆን ነበር። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በማግሥቱ አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዘዣ ላይ "የለም" ስጽፍ ደብተሩም ላይ እጽፋለሁ። ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የታዘዘውን መጠን፣ የአባሉን የመድን ቁጥር። ሰውየው ተመልሶ በስንት እንደገዛው ከነገረኝ ያንንም። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ አጠቃልዬ፣ ከክፍያ መጠየቂያው ጋር በደብዳቤ አያይዤ አስገባሁ። ማንም አዝዞኝ አይደለም። ኃላፊያችን መጀመሪያ ፈራ፤ ኋላ ፈረመልኝ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መልስ አልመጣም። በሁለተኛው ከመድኑ ቦርድ አንድ ሰው ደውሎ፣ "ይህ ሁሉ ሰው በእርግጥ ከውጭ ገዝቷል?" አለኝ። ደብተሩ አለ፣ መጥታችሁ እዩ አልኩት። መጡ። ከተጠራቀመው ዕዳ የአንድ ሩብ ዓመት ተከፈለን። በዚያ ገንዘብ የግፊትና የስኳር መድኃኒት አስቀድመን ገዛን። ለአራት ወር ያህል አምሎዲፒን አልጠፋም። ከዚያ እንደገና ጠፋ።

ስለ 3 በመቶው ዛሬ ቢጠይቁኝ፣ ያ አዳራሽ ውስጥ ያልኩትን ሙሉ በሙሉ አልሽረውም። መድኃኒት ሳይኖር ብር መቁረጥ ሰውን ያስቀይማል። ግን "መጀመሪያ መድኃኒቱ" ብዬ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ሽማግሌው እንደዚያ አላሉም። ከፍለው ነው የጠየቁት።

በሰኔ መጡ። ዝናብ አበስብሷቸው ነበር። ማዘዣውን በመስኮቱ አሾለኩልኝ። ቢን ካርዱን ማየት አላስፈለገኝም፤ እንደሌለ አውቃለሁ።

"የለም፣ አባቴ" አልኩ። ሌላ ቃል አጣሁ።

ወረቀቱን አልተቀበሉኝም። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስገብተው ጠረጴዛዬን ተመለከቱ።

"ያ ደብተር አለ?" አሉ። ወሬውን ሰምተዋል።

"አለ።"

"በይ ጻፊኝ።"

ደብተሩን ገልጬ ቀኑን ጻፍኩ፤ መድኃኒቱን ጻፍኩ፤ የመድን ቁጥራቸውን ጻፍኩ። እስክጨርስ በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁ። ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎችም ዝም ብለው ጠበቁ። ስጨርስ ደብተሩን ወደሳቸው አዞርኩት። የትኛው መስመር የሳቸው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በጣቴ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩት። ከዚያ ማዘዣቸውን ተቀብለው ፌስታላቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ከተማ መኪና መሳፈሪያው ሄዱ።