የፔጆ 404 ካምቢዮ የራሷ መሆኑን መለየት

ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላ አካባቢ ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ፔጆ 404ዎች ከልብ ስለምወዳቸው፣ አንዷን ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ ከቀለሟና ከወንበሯ በፊት ካምቢዮዋን (የማርሽ ሳጥኗን) እንዲያይ እነግረዋለሁ። በጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት በፒኒንፋሪና ተነድፋ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበችው ይህች መኪና በኩፔ (ባለሁለት በር) እና በካብሪዮሌም (ጣሪያው በሚከፈት) ዓይነት ተሠርታለች፤ በእጅ የሚቀየረው የፋብሪካ ካምቢዮዋ አራት የፊት ማርሽ ሲኖረው፣ መቀየሪያው የሚገኘው ከመሪው ሥር ነው። ስለዚህ መቀየሪያው ከወለሉ ላይ ከወጣ ምንጣፉን ገልጦ የተቆረጠውን ላሜራ ማየት ይበቃል።

እኔ ግን ይበልጥ የማምነው ከሥር የሚታየውን ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው የ404 ኃይል አስተላላፊ ዘንግ ተጋልጦ አይሽከረከርም፤ ከካምቢዮው ጭራ እስከ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች እስከሚያከፋፍለው ክፍል) በሚዘልቅ የብረት ቱቦ ውስጥ ተሸፍኗል። በመሆኑም የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ ለማስገባት ቱቦውን መቁረጥ ወይም ጨርሶ ማውጣት ግድ ይላል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ ብየዳው ላይ በግልጽ ይታወቃል። ለመለየት አስቸጋሪው ከፔጆ 504 የመጣ ካምቢዮ ነው፤ 504 በቱቦ የተሸፈነ ዘንግ ያለው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከመሪ ሥር የሚቀየር ማርሽ የነበረው የቅርብ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፦ ጭንቅላታቸው በቁልፍ ተበልቶ እንደሆነ፣ የካምቢዮው ማቀፊያ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለት እንደሆነ፣ ከመሪው የሚወርዱት ዘንጎች ተቆርጠው ተቀጥለው እንደሆነ። ከ504 የመጣ ካምቢዮ ለታክሲ ሥራ ሊያገለግል ይችላል፤ በኦሪጅናል ዋጋ መሸጡን ግን አልቀበልም።