ስኮርታው ውሃ ይረጫል

ቮልስ ያለው ሰው ጨዋታ አያጣም። መኪናዋን ባቆምኩበት ሁሉ አንድ ሰው ይመጣና ጣሪያዋን መታ መታ እያደረገ "አባቴም ነበረችው" ይለኛል። ቀጥሎ ጃንሆይን ያነሳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከቤተ መንግሥት በቮልስ እንደተወሰዱ የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። የአክስቱ ወይም የክርስትና አባቱ ቮልስ ደግሞ ሁሌም "ያቺው ራሷ" ናት። የሰማሁት ሁሉ እውነት ከሆነ ጃንሆይ የሄዱት በኮንቮይ ነው።

የእኔዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 ስሪት ናት። ጤንነቷ አይታማም። ችግር የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ቦሎ ሲደርስ ነው። ቮልስ የራሷ ሕግ አላት። ሞተሩ ከኋላ፣ ሻንጣው ከፊት። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ስለዚህ ወፈር ያለ ሰው ከኋላ ከተቀመጠ የወንበሩ ሞላ ባትሪውን ይነካና ሊያጨስ ይችላል። አጎቴን ሁሌ ጋቢና የማስቀምጣቸው ለዚህ ነው። እሳቸው ግን የክብር ቦታ ይመስላቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመው የመስታወት ማጠቢያው ነው። የዛሬ መኪኖች ውሃ የሚረጩት በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። የእኔዋ ፓምፕ የላትም። ከፊት ኮፈን ሥር ከተቀመጠው ትርፍ ጎማ፣ ከስኮርታው፣ ቀጭን ቱቦ ይነሳና ወደ ውሃ መያዣው ይሄዳል። የጎማው አየር ውሃውን ይገፋል፤ ውሃው መስታወቱ ላይ ይረጫል። ጀርመኖቹ ሲሠሩት ስኮርታው ከሌላው ጎማ በላይ ጠንክሮ እንዲነፋ፣ አየሩ ሲወርድ ደግሞ መንገዱን የሚዘጋ ቫልቭ እንዲኖረው አድርገው ነው። ጎማው ባዶ እንዳይቀር መሆኑ ነው። ጥሩ አስበዋል። የእኔዋን ቫልቭ ግን ድሮ አንድ መካኒክ "ትርፍ ዕቃ ነው" ብሎ ነቅሎ ጥሎታል። ይህን የነገሩኝ አጎቴ ናቸው። መካኒኩም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ምርመራው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር። የአዳማ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ሥራውን ጀምሯል። ከኋላችን ሱፍ ግጥም አድርጎ የለበሰ ሰው ከሚያብረቀርቅ መኪናው ወርዶ ቆሟል። ከምርመራው በቀጥታ ወደ ሽምግልና እንደሚሄድ ለአጎቴ ነገራቸው። አጎቴም መረቁት።

ተራችን ደረሰ። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ቀልድ አታውቅም። ሊብሬውን ተቀብላ የሻንሲ ቁጥር ጠየቀች። የኋላ ወንበሩን አነሳሁላት፤ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ሥር ነው። ባትሪውን አየች። እኔን አየች። አጎቴን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ምንም አላለችም። ፍሬኑ ማሽኑ ላይ አኮራኝ። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሁሉም አለፈ።

"ውሃ ርጭ" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አጎቴ ጠዋት ስኮርታውን ራሳቸው ጎሚስታ ጋ ወስደው ነበር። "ምርመራ ነው፣ ጠንከር አድርገህ ንፋው" ብለውታል። እሱም የታዘዘውን አድርጓል። ውሃው ውስጥም ሳሙና ጨምረውበታል፤ እንዲያምር።

ቁልፉን ተጫንኩ። ውሃው መስታወቱን አልነካውም። ጣሪያውን ዘሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ንፋሱ ተረከበ። ከአዳማ ዳር ኮረብታው ላይ እነዚያን ሁሉ የንፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተከሏቸውም። ውሃው በአየር ላይ ተጠማዞ ከነአረፋው ባለሱፉ ደረት ላይ አረፈ።

"ይቅርታ ጋሼ! ይቅርታ!" እላለሁ። ቁልፉ ግን ተጣብቆ አልመለስም አለ። ውሃው አልቆ እንኳ አየሩ ብቻውን ፊሽሽ ማለቱን ቀጠለ።

"ይሠራል" ብላ ጻፈች መርማሪዋ።

አጎቴ ባለሱፉን እጁን ይዘው ወደ ቮልሷ ጀርባ ወሰዱት። ሞተሩ ሙቅ አየር ስለሚተፋ ኮቱ እዚያ ቶሎ ይደርቃል ባይ ናቸው። ፀሐዩ ብቻውን ይበቃው ነበር። ኮቱ ደረቀ፤ ቤንዚን ቤንዚን ግን ሸተተ።

በዚህ መሃል ሁለተኛው መርማሪ፣ ጠና ያሉ ሰውዬ፣ የፊት ኮፈኑን ከፍተው ስኮርታውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸው ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰጠመ።

"ይሄ ጎማ አየር የለውም።"

"አየሩ ውሃ ረጭቶበት ነው።"

"ማን ነው የረጨው?"

"ጎማው።"

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። "ወንድሜ፣ ቁርስ በልተሃል?"

አጎቴ ጣልቃ ገቡ። "ስማኝ ልጄ፣ ይህቺ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው በፈረንጆች 2003 ሜክሲኮ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የኖረች መኪና ናት!" ስለ ቱቦውም አስረዱ። ሰውዬው በጥሞና ሰሙ። ከዚያ "ገባኝ። ስኮርታው ግን መነፋት አለበት" አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ አለ። ስኮርታውን ተሸክሜ ሄድኩ፣ አስነፋሁ፣ ተመለስኩ። ስመለስ ወሬው ግቢውን አዳርሷል። መርማሪዎቹ ቮልሷን ከበዋታል። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትቀር ከቢሮ ወጥታለች። አንዱ ጣሪያዋን መታ መታ እያደረገ "አባቴም ነበረችው" አለ።

"እስቲ አሳየን!"

እምቢ እንዳልል ጉዳዬ በእጃቸው ነው። ስኮርታውን ቦታው አስገብቼ ቱቦውን አሰርኩ፣ አጎቴ ከያዙት ሃይላንድ ውሃ ሞሉበት። ባለሱፉ ራቅ ብሎ ቆመ። ተጫንኩ። ረጨች! አጨበጨቡ። ቁልፉም ተጣበቀ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ጠና ያሉት መርማሪ አውራ ጣታቸውን አወጡ። "አየር የለውም።"

"አሁን እኮ እርስዎም አብረው አጨብጭበዋል!"

"እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"

ጎሚስታው ተመልሼ ስመጣ ሲያየኝ አዘነልኝ። "ብሮ፣ ይሄን ሚስማር እንፈልገው" ብሎ ጎማውን ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረው። እያገላበጠ አረፋ ፈለገ። አጣ። "አየሩ የሚሄደው ወደ መስታወቱ ነው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሂሳብ በቅድሚያ ተቀበለኝ።

መፍትሔው የመጣው ከቀልድ አልባዋ ልጅ ነው። "ውሃውን እኔ ቅድም ጽፌዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው" ብላ ኮፈኑ አጠገብ ዘብ ቆመች። ጠና ያሉት በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ጎማው ድንጋይ ነው። አለፈ! ወረቀቱ ወደ ኃላፊው ሄደ፣ ተፈረመ፣ ቦሎው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። አጎቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ቁልፉን አዙሬ ልንቀሳቀስ ስል ኃላፊው ፈገግ እያሉ ከቢሯቸው ወጡ።

"እኔ ስብሰባ ላይ ሆኜ አመለጠኝ። አንዴ ብቻ አሳየኝ።"

አሁን በፈረመልህ ሰው ላይ እንዴት ይጨከናል? አሳየኋቸው። በጣም ተደሰቱ።

ፍራንኮ አካባቢ ስንደርስ የኋላ ጎማዬ ጷ አለ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ባጃጁ ከኋላ ያንባርቃል፣ ባለጋሪው ይራገማል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቮልሷን ዞራት። ቦሎውን ጠጋ ብሎ አነበበ።

"አዲስ ነው።"

"ዛሬ ነው የወጣው።"

"ስኮርታ ሳትይዝ እንዴት አለፍክ?"

"ይዣለሁ።"

"ታዲያ አትቀይርም እንዴ? መንገድ እኮ ዘጋህ!"

አጎቴ በጋቢናው መስኮት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "መስታወት አጥበንበት ነው፣ ልጄ።"