ሚዙሪ ላይ፣ ከአሸዋ ወፎችና ከጥንታዊው ዓሣ ጋር

«እግራችሁ የሚያርፍበትን ሳታዩ እንዳትራመዱ!» ጀልባዋ አሸዋው ጋ ስትደርስ የቡድኑ መሪ ደጋግማ ያሳሰበችን ይህንን ነው። ያለነው ሚዙሪ ወንዝ ላይ፣ ደቡብ ዳኮታና ነብራስካ የተባሉት የአሜሪካ ግዛቶች የሚዋሰኑበት፣ ከጋቪንስ ፖይንት ግድብ ዝቅ ብሎ ነው። ወሩ ጁን ነው፤ ወፎቹ እንቁላል የሚታቀፉበት ጊዜ። በዚህ ወቅት አሸዋው ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ የገባሁት ከባዮሎጂስቶቹ ጋር ተፈቅዶልኝ ነው።

ማስጠንቀቂያው ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ እንቁላል አሸዋ ይመስላል። ጎጆ የሚባል ነገር የለም። ወፎቹ አሸዋውን ጎድጎድ ያደርጉና ጠጠር ጣል ጣል ያደርጉበታል፣ በቃ። አራት እንቁላሎች እግሬ ሥር እያሉ በጣት እስኪያሳዩኝ ድረስ አላየኋቸውም።

አንዷ ባዮሎጂስት በርከክ ብላ አንዱን እንቁላል አነሳችና ውሃ ባለበት ትንሽ ኩባያ ውስጥ ቀስ አድርጋ ከተተችው። አዲስ የተጣለ እንቁላል ተጋድሞ ይሰጥማል። ሲሰነብት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሊፈለፈል ሲቃረብ ደግሞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የእኛው ቆሞ ነበር። ከዚህ ተነስተው ጫጩቱ መቼ እንደሚወጣ ያሰላሉ። መዝግባ እንደጨረሰች እንቁላሉን መልሳ ሁላችንንም አራቀችን፤ ያልታቀፉት እንቁላል በጠራራ ፀሐይ ብዙ አይቆይም። ከወላጆቹ አንዷ ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፏቀቀች ከጎጆዋ ልታርቀን ትሞክር ነበር። ከ60 ግራም ብዙም የማትዘል ወፍ ናት። ድፍረቷ ግን ልብ ይነካል።

ሚዙሪ 3,767 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በሰሜን አሜሪካ በርዝመት የሚስተካከለው የለም። ዛሬ ሲሶ ያህሉ ከግድብ ጀርባ የተኛ ውሃ ነው። ሌላው ሲሶ ለጭነት ጀልባዎች ተብሎ ቦይ ሆኗል። ድሮ በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላና ደለሉን እየገፋ አዲስ አሸዋ ይከምር ነበር። በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ያ አሸዋ ራቁቱን ብቅ ይላል። ወፎቹ የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ ሣር ቅጠል የሌለበት፣ ጠላት ከሩቅ የሚታይበት ቦታ። ስድስቱ ትልልቅ ግድቦች ሲሠሩ ሙላቱም ተገታ፣ ደለሉም ከግድብ ጀርባ ቀረ። የተረፈውን አሸዋ ቁጥቋጦ ወረሰው።

በዚህ አካባቢ ያለችው ፕሎቨር ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕግ ጥበቃ ሥር ናት። ግድቦቹን የሚያስተዳድረው የጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል በማሽን አሸዋ እየከመረ ደሴት ሲሠራላት ቆይቷል። በ2011 ግን ታላቅ ጎርፍ መጣ። ብዙ ቤትና እርሻ አበላሸ፤ ያ የማይካድ ሐዘን ነው። ውሃው ሲጎድል የወጣው አሸዋ ግን ማሽን ከሠራው ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ወፎቹም ወዲያው በዙ። እዚያው አሸዋ ላይ የምትጥለው ሊስት ተርን የተባለች ሌላ ትንሽ ወፍ ደግሞ ቁጥሯ አገግሞ በ2021 የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሳት መዝገብ ወጥታለች።

ከሰዓት በኋላ ግድቡ አጠገብ ወዳለው የመንግሥት ዓሣ ማራቢያ ሄድን። ፓሊድ ስተርጀን የተባለውን ጥንታዊ ዓሣ በቅርብ ያየሁት እዚያ ነው። ነጣ ያለ ግራጫ ነው። አፍንጫው እንደ አካፋ ጠፍጣፋ ነው። ቅርፊት የለውም፤ በጀርባውና በጎኑ አጥንት የመሰሉ ጉጦች ተደርድረዋል። ዓይኑ ደቃቃ ነው። የድሮው ሚዙሪ ድፍርስ ስለነበር ምግቡን የሚፈልገው ከአፉ ፊት በተንጠለጠሉት አራት ጢሞች እየዳበሰ ነው። ዘሩ ከዳይኖሰሮች ዘመን የመጣ ነው። የመጥፋት አደጋ ላይ ነው ተብሎ የተመዘገበው በ1990 ነው።

እንቁላሉ ተጣባቂ ነው። ወንዝ ውስጥ ይህ ይጠቅመዋል፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይፈለፈላል። ማራቢያ ውስጥ ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በላመ የሸክላ አፈር ቀስ እያሉ ያሹታል። ሴቷ ለመጣል አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ ያውም በየዓመቱ አትጥልም። እያንዳንዱን እንቁላል እንደ ዓይናቸው ብሌን ቢያዩት አይገርምም።

ያሳደጓቸው ዓሦች ወንዝ ውስጥ ይኖራሉ፣ ያድጋሉም። ነገሩ የሚበላሸው ዱር የተፈለፈሉት ላይ ነው። አዲስ የወጣው ዓሣ ዋና ስለማይችል ውሃ ይወስደዋል፤ ከሳምንት በላይ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር። ሞንታና ውስጥ ከፎርት ፔክ ግድብ በታች የተፈለፈለው ጉልበት ሳያወጣ ሳካካዊያ ከተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይደርሳል። እዚያ ደለሉ ላይ ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም። ታፍኖ ይሞታል።

በየስብሰባው የሚያጨቃጭቀው ጥያቄም አንድ ነው፤ ከግድቦቹ ምን ያህል ውሃ፣ መቼ ይለቀቅ? ገበሬው ጎርፍ ይፈራል፣ መብራትም ከዚሁ ውሃ ነው። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ያንን አሸዋ ካየሁ ወዲህ ወገኔን ለይቻለሁ፤ ወንዙ በየዓመቱ ትንሽም ቢሆን ሞልቶ ይጉደል። በማሽንና በሸክላ አፈር ብቻ የሚዘለቅ ሥራ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጠው ወሬ ያለው ሌላ ወንዝ ላይ ነው። የሚዙሪ ገባር በሆነው የሎውስቶን ላይ፣ ኢንቴክ የተባለው የመስኖ ግድብ ዓሣውን ለአንድ ክፍለ ዘመን ያህል አግዶት ነበር። በ2022 ግድቡን የሚዞር የውሃ መንገድ ተሠርቶ አለቀ። ስተርጀኖች ወደ ላይኛው 265 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ መዝለቅ ጀምረዋል። ከፍ ብለው ከጣሉ፣ ለልጆቻቸው የሚንሳፈፉበት ርቀት ይረዝማል። የሚቀጥለው ጉዞዬ ወደዚያ ነው።