አገር ሰጥቶ መማር

ሕፃናት ጠያቂ የሆኑት ከእኛ ስለሚበልጡ አይመስለኝም። አለማወቅ ስለማያሳፍራቸው ነው። እኛ ሥራ ይዘን፣ ሰውም «አንቱ» ማለት ከጀመረን በኋላ «አላውቅም» የሚለው ቃል ጉሮሯችን ላይ ይቀረቀራል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስብሰባ ላይ ያልገባኝን ነገር ራሴን እየነቀነቅኩ አሳልፍና ማታ ለብቻዬ ስፈልግ አመሽ ነበር። እንዲህ ሲኖሩ ማወቅ ዕዳ ይሆናል እንጂ ደስታ አይሆንም።

መላ ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። እንቆቅልሽ ነፍሷ ነው። ጨዋታውን ታስታውሱት የለ? መልሱ ከጠፋህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። ጎንደርን ወይ ጅማን ትሰጥና መልሱን ትሰማለህ። ማንም አያፍርም፤ አገር እንደሆነ ሞልቷል። አለማወቅን እንዲህ ወደ ጨዋታ የለወጠው ሰው ማን እንደሆነ ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

አንድ ማታ ራት ላይ «እንቆቅልህ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ?»

«እንጀራ ላይ ዓይን የሚያወጣው ማነው?»

ዕድሜ ልኬን የበላሁት እንጀራ! ሐረርን ሰጠኋት። ተቀብላ ከትከት ብላ ሳቀች። ለካ መልሱን እሷም አታውቀውም።

ተያይዘን እናቴ ጋ ሄድን። «አብሲት ነዋ!» አለችን። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ለእኛ ግን ገና ተጀመረ። ሊጡ ሲደርስ ጠብቀን ከጎኗ ቆምን። ከላይ የጠለለውን ውሃ አቀረረች። ከሊጡ ጥቂት ወስዳ በፈላ ውሃ እያማሰለች አበሰለች። አብሲቱ ይኸው ነው። በረድ ሲል መልሳ ከሊጡ ጋር ቀላቀለችው፣ ሊጡም ኩፍ አለ። በእኛ ልመና ትንሽ ሊጥ ያለ አብሲት አስቀረችልን፣ «የጤፉን ዋጋ ብታውቁት!» እያለች።

ልዩነቱ ምጣድ ላይ ታየ። አብሲት ያለው እንጀራ አክንባሎው ከመከደኑ በፊት ዓይኑን ማፍረጥ ጀመረ። ያለ አብሲት የተጋገረው ግን ዓይኑ የሳሳ፣ ላዩም ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሆነ። ልጅቷ በደስታ ዘለለች፤ እኔም ብዙ አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ለማንበብ የተቀመጥኩት። እርሾው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሊጡን እያብላሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ያወጣሉ። ጤፍ ስንዴ ውስጥ ያለው፣ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው አየሩን አፍኖ የሚይዝለት ነገር የለውም። የበሰለው አብሲት ሊጡን ወፈር ያደርገውና አየሩ እንዳያመልጥ ያግዛል፤ ለተሕዋስያኑም ቀለል ያለ ምግብ ይሆናቸዋል። ምጣዱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣና ይፈነዳል፤ የፈነዳበት ቀዳዳ ዓይን ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ደግሞ ስለማይገለበጥ ዓይኑ በአንድ ወገን ብቻ ነው።

ከዚህ የያዝኩት ልማድ፣ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ሰው መጠየቅ ነው። ጫማ ጠጋኙን፣ ጋራዥ ያለውን ልጅ፣ ጉልት ላይ የምትሸጠውን እናት። ሰው ሙያውን ሲጠይቁት ፊቱ ይበራል። ጎግል መልሱን ቶሎ ይነግርሃል፤ ግን አይስቅብህም፣ ሻይም አይጋብዝህም። ቢሮ ውስጥም «ይሄ ነገር አልገባኝም» ማለት ጀምሬያለሁ። ሰማይ አልተደፋም።

ሌላው ደግሞ «ምን ይጠቅመኛል?» የሚለውን ጥያቄ ማሳረፍ ነው። በየቀኑ ግቢያችን አጥር ላይ የሚያርፈውን ቁራ ልብ ብዬ ያየሁት በቅርቡ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ ምንቃሩ መጥረቢያ ያህላል። ለካ የሚኖረው በእኛው የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። ይህንን በማወቄ ደመወዜ አልጨመረም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ቀና ብዬ የማየው አገኘሁ።

ሰኞ ማክሰኞም ዘልያለሁ፣ ጎረቤት እያየ። ጉልበቴን ትንሽ አመመኝ፤ ስለ እሱ ብዙ አላወራም።

ጊዜ ከየት ታመጣለህ ለምትሉኝ፣ ከቴሌግራም ላይ ነው የቀነስኩት። እናቴ ግን ከእንግዲህ በጤፍ መሞከር የለም ብላለች። ስለዚህ ወደ ሽሮ ዞረናል። ሾርባ ዝም ብሎ ሲፈላ ሽሮ ለምን እየተንተከተከ እጅ ያቃጥላል? ልጅቷ ድሬዳዋን ተቀብላኛለች፤ ቅዳሜ ድስት እንጥዳለን።