ከጭንብል ወደ «ቤ»፦ የመለያ ምልክቴ አነዳደፍ

ሥዕል መሳል የጀመርኩት እዚሁ ጅማ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ለድራማ ክበባችን የመድረክ ጀርባ የሚሆን አቡጀዴ በመቀባት ነው። ዛሬ የምተዳደረው የልጆች መጻሕፍትን በሥዕል በማስጌጥ ቢሆንም፣ ለራሴ መለያ ምልክት ልንደፍ ስነሣ እጄ ያለ ማመንታት ወደ ቴአትር ሄደ። የቡና ፍሬና ጀበና መሳል አልፈለግሁም፤ በከተማችን ከእነርሱ ነፃ የሆነ ታፔላ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ንድፌ ማንም የሚያውቃቸው ሁለቱ የግሪክ ጭንብሎች፣ የሚስቀውና የሚያለቅሰው፣ ነበሩ። የሚስቀውን ጥርስ አውጥቼ ስለ ሳልሁት ሥራ ልታዘኝ የመጣች አንዲት እናት ካርዱን አገላብጣ አይታ «የጥርስ ሐኪም ነሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስቄ ባልፈውም ጥያቄዋ ልክ ነበር። ከዚያም በላይ ጭንብሉ ከኛ ቴአትር ጋር ያለው ዝምድና ቀጭን ነው፤ የዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት ፈር ቀዳጅ የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ተመልካቹ ፊት ያቀረበው አውሬዎችን ነው። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳም ጎፈሩ ፀጉር በፀጉር ሳይተነተን በጥቂት ደፋር ቅርጾች ብቻ አንበሳ መሆኑን ያስታውቃል። እኔ ግን ጭንብሉ ላይ ሽብሽብ እየጨመርኩ ሳምንት አባክኜ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከገዛ ስሜ ነው። ስሜ የሚጀምረው በ«ቤ» ነው፤ የዚህ ፊደል ዘር የሆነው «በ» በግእዝ «ቤት» ይባላል፣ ቅርጹም ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ያለው፣ ተመልካች ፊት ለፊት ከሚያየው የመድረክ ክፈፍ የማይለይ ነው። «ቤ»ን «ቤ» የሚያሰኛት በቀኝ እግሯ ግርጌ ያለችው ቀለበት ስትሆን፣ እርሷን ወደ ጎን ተሰብስቦ የታሰረ መጋረጃ ቋጠሮ አደረግኋት። ከአግዳሚው በስተቀኝ ሦስት እጥፋት ወርደው እዚያች ቀለበት ውስጥ ይገባሉ፤ የግራው ወገን ባዶ ነው፣ ምክንያቱም ተዋናዩ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል።

የቋሚዎቹን ውፍረት ለመወሰን ጅሬን ወጥቼ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ዓምዶች ከነ መካከላቸው ካለው ክፍተት ጋር ደጋግሜ ሳልሁ። መጀመሪያ ቋሚዎቼ ቀጫጭን ስለ ነበሩ ምልክቱ መድረክ ሳይሆን የእግር ኳስ ጎል ይመስል ነበር። ወፍራም ሳደርጋቸው ግን በውስጣቸው ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ቅርጽ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ንድፉን በኮምፒውተር በቬክተር ሠራሁት፤ ቬክተር መስመሩን በነጥብና በኩርባ ስሌት ስለሚይዘው ለካርድም ሆነ ለሰፊ ባነር ሳይደበዝዝ ይሰፋል። ይሁን እንጂ መስፋቱ ሳይሆን ማነሱ ነው ያስቸገረኝ። መርካቶ ያሉ አንድ ማህተም ቀራጭ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ተመለከቱትና «ልጄ፣ ይቺ ቀዳዳ ቀለም ትጠጣለች» አሉኝ። አላመንኋቸውም፤ ማህተሙ ተሠርቶ ሦስተኛ ጊዜ ሲመታ ቀለበቷ ተደፍና ጥቁር ነጥብ ሆነች። ቀለበቷን ከግንዷ ውፍረት በእጥፍ አሰፋኋት፣ ከሦስቱ እጥፋት አንዱንም ሰረዝሁ፤ ሁለተኛው ማህተም ጥርት ብሎ ወጣ።

በአፋን ኦሮሞ የሚያሠሩኝ ደንበኞች በቁቤ የሚጽፉ በመሆናቸው፣ የግእዝ ፊደል ለማያነብ ሰው ምልክቱ ምን ይነግረዋል የሚለው ጥያቄ አሳስቦኝ ነበር። ስለዚህ ፊደል መሆኑን ሳልናገር ለጎረቤት ልጆች አሳየኋቸው፤ አንዷ «በር ነው፣ ጨርቁን ሰው ገልጦታል» አለች፣ ወንድሟ ደግሞ «ማን ሊወጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ፊደልነቱን ለማጉላት ያሰብኋትን ጭረት ተውኳት።

ለድረ ገጽ የሚሆነው 16 በ16 ፒክሰል ትንሹ ቅጂ ውስጥ እጥፋቶቹ ጨርሶ ስለማይታዩ ክፈፉንና ቀለበቷን ብቻ አስቀረሁ። ቀለሙን በተመለከተ እስካሁን በጥቁር ብቻ እየተጠቀምሁበት ነው፤ የመጋረጃውን ቀይ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ የስጋ ቤት ታፔላ መሰለኝ።